ጭስ የሌለው ፍም

በመንዝና በግሼ ደጋ ከጥቅምት ወር አንሥቶ ውርጩ ሲበረታ፣ ከአገሬው በግ ሱፍ የተሠራው በርኖስና ባና እንኳ የሌሊቱን ብርድ አይችለውም። መሐል ሜዳን በመሳሰሉ ከተሞች ቤት ተከራይተው የሚማሩ ወጣቶች ከሰል ደጅ አቀጣጥለው ጭሱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ፍሙ ሲቀላ ምድጃውን አስገብተው በሩን ይዘጋሉ። «ጭሱ ስለወጣ ጉዳት የለውም» የሚለው እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ለመሆኑ እምነቱ ትክክል ነውን?

ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ነድዶ ሲያልቅ የሚቀረው ጥቂት አመድ ብቻ ነው። ሌላው የት ገባ? አልጠፋም፤ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ዓይን የማያየው ጋዝ ሆኗል። የካርቦን የአቶም ክብደት 12፣ የኦክስጅን ደግሞ 16 ነው። አንድ የካርቦን አቶም ከሁለት የኦክስጅን አቶሞች ጋር ሲዋሐድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ክብደቱም 12 ሲደመር 32፣ ማለትም 44 ይሆናል። እንግዲህ 12 ግራም ካርቦን 44 ግራም ጋዝ ከሰጠ፣ አንድ ኪሎ ንጹሕ ካርቦን 3.7 ኪሎ ያህል ጋዝ ይሰጣል። ትርፉ ከክፍሉ አየር የተወሰደ ኦክስጅን ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሆኖም በምድጃው ግርጌ አየር በሚገባበት በኩል የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በጋለው ከሰል መካከል ወደ ላይ ሲወጣ ሌላ የካርቦን አቶም ያገኛል። ኦክስጅኑን ይካፈሉና ሁለት የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውሎች ይሆናሉ። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከፍሙ በላይ አልፎ አልፎ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል እርሱ አየር አግኝቶ ሲነድ ነው፤ ሳይነድ የቀረው ግን ወደ ክፍሉ ይገባል። ጭስ ማለት በሚገባ ያልነደደ ነገር ብናኝ፣ ቅባትና እንፋሎት ስለሆነ፣ የጭሱ ማለቅ ስለዚህ ጋዝ ምንም አይነግረንም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚያያዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው። ስለዚህ ደሙ ይዘዋወራል፤ ኦክስጅን ግን በበቂ አያደርስም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይከተላል። የተኛ ሰው ይህን ምልክት ሳያውቀው ራሱን ይስታል።

በደጋው ላይ ችግሩ ይከፋል። «በደጋ አየር ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ ያንሳል» ሲባል እንሰማለን፤ ድርሻው ግን በየትኛውም ስፍራ 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚያንሰው አየሩ ራሱ ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በየትንፋሹ የምናገኘው ኦክስጅን ከመጀመሪያውም ያነሰ ነው።

ኩበትስ? እርሱም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል፤ ጭሱም ሳንባን ይጎዳል። ነገር ግን ዓይን እያቃጠለ በር ያስከፍታል፤ በጓሳ ሣር የተከደነው የጥንቱ ቤትም ጭሱን በክዳኑ መካከል ያሳልፈው ነበር። ኮርኒስ ያለው ጠባብ የኪራይ ክፍል ይህ ሁሉ የለውም።

ስለዚህ ምድጃው በክፍሉ ውስጥ ሳለ መስኮቱ ይከፈት፤ ከመኝታ በፊትም ፍሙ ምንም ያህል ቢያምር ወደ ደጅ ይውጣ። ራሱን የሳተ ሰው ከተገኘ በቅድሚያ በሩን ከፍቶ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።