ከቀዶ ሕክምና በኋላ መተኛት ይበጃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባለቤቴ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ወልድያ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ግራና ወደሚገኘው ቤታችን ከገባን አራተኛ ቀናችን ነው። ሕመሙን ፈርቶ ከአልጋ አይነሳም፤ የሕመም ማስታገሻ ክኒኑን፣ ፓራሲታሞልንም፣ «ሱስ ይሆንብኛል» እያለ የሚውጠው ሲብስበት ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ፣ እህቴ። መድኃኒቱ የሚዋጠው በሰዓቱ ነው፤ ሕመም አንዴ ከጠና በኋላ ማስታገሱ ያስቸግራል። ፓራሲታሞል ሱስ አያስይዝም። ጉበቱ ጤነኛ የሆነ አዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ሁለት ክኒን በየ6 ሰዓቱ ይወስዳል፤ በ24 ሰዓት ከ8 ክኒን አይለፍ። ዳይክሎፌናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳትደርቡበት፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ መተኛቱ ነው። ሕመም የፈራ ሰው በጥልቀት አይተነፍስም፣ አክታውንም ስሎ አያወጣም፤ አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀርና የሳንባ ምች ያመጣል። እግር ውስጥም ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ክኒኑን ከዋጠ ከ1 ሰዓት ያህል በኋላ አስነሺው። ብድግ አይበል፤ በጎኑ ይዙር፣ እግሩን ያውርድ፣ በክንዱ ተደግፎ ይቀመጥ። ሲያስለው ጋቢ አጥፎ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጎ ይያዝ፤ ሕመሙ በጣም ይቀልለታል። ዛሬ እስከ ደጅ፣ ነገ እስከ ጎረቤት ይራመድ።

የሽንኩርት ጆንያ እንደ መሸከምና የመስኖ ቦይ እንደ መቆፈር ያለ ከባድ ሥራ ግን ቢያንስ ለ6 ሳምንት ይቅርበት፤ ቁስሉ ከላይ ቢደርቅም ውስጡ ገና አልጠናም። ትኩሳት፣ መግል፣ የሆድ መነፋት፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም የአንድ እግር እብጠት ካየሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳታሳድሪ ወደ ሆስፒታል ውሰጂው።