ኩንታሉ ከማጅራት ላይ ይውረድ

(ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ በአንድ ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት ደጅ። ጠያቂው ቡሬ እህል ገበያ ላይ ጫኝና አውራጅ ነው።)

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አንገቴ አልዞር ብሎኝ ነው የመጣሁት። ሕመሙ ከማጅራቴ ተነስቶ በራሴ ላይ ይወጣና ዓይኔ ሥር ይወጋኛል። ጸጉር ቤት ገብቼ አስጮህኩት፤ አንድ ቀን ቀለል አለኝ፣ በማግስቱ ባሰብኝ።

ጋሼ፦ ና፣ በርጩማው ላይ ተቀመጥ፤ ጀርባህን ለግድግዳው ስጥ። እንዴት አድርጎ ነው ያስጮኸው?

ወጣቱ፦ አገጬን በአንድ እጁ፣ ማጅራቴን በሌላው ይዞ ቀጭ አደረገው።

ጋሼ፦ ሁለተኛ እንዳታስነካው! የሚጮኸው በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለ አየር ነው እንጂ ወደ ቦታው የተመለሰ አጥንት አይደለም። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሁለት ሥሮች በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ያልፋሉ። ድንገት ሲጠመዘዙ የውስጥ ግድግዳቸው ሊቀደድ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ የደረሰበት ሰው ግን ግማሽ አካሉ ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እጅህንስ ይደነዝዝሃል?

ወጣቱ፦ የቀኝ አውራ ጣቴን። ሌሊት ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል።

ጋሼ፦ እንግዲህ ስማኝ። አንገት ሰባት አጥንት አለው። ከላይኞቹ ሁለቱ በቀር በየመካከላቸው እንደ ትራስ የተነጠፈ ለስላሳ ነገር አለ፤ ዲስክ ይሉታል። በቀኝና በግራ ስምንት ስምንት ነርቭ ይወጣል። ዲስኩ ተገፍቶ ሲወጣ፣ ወይም የአጥንቱ ጠርዝ ሲያድግ ነርቩን ይጫነዋል። ስድስተኛው ሲጫን አውራ ጣት፣ ሰባተኛው ሲጫን መሐል ጣት፣ ስምንተኛው ሲጫን ትንሿ ጣት ትደነዝዛለች። ቦታውን የነገረኝ እንግዲህ ጣትህ ነው። ራስ ምታቱ የሚመጣው ግን ከላይኞቹ ሦስት ነርቮች አካባቢ ነው። የእነሱ መልእክት ከፊት ነርቭ ጋር አንድ ቦታ ስለሚገናኝ ሕመሙ ከዓይን የመጣ ይመስላል።

ወጣቱ፦ እናቴማ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችኝ። ጓደኞቼ ደግሞ የነርቭ መርፌ ተወጋ ይሉኛል።

ጋሼ፦ ያ መርፌ ቫይታሚን ቢ ነው። ቫይታሚኑ ለጎደለው ሰው መድኃኒት ነው፤ የተገፋ ዲስክን ግን አይመልስም።

ወጣቱ፦ ወደ ወጌሻ ብሄድስ?

ጋሼ፦ ወጌሻን አልነቅፍም። የወለቀ ትከሻ ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁ። ለአንገት ግን አትሂድ። ስለ ወጌሻ ካነሳህ ዘንዳ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በ1981 ዓ.ም. የማጅራት ገትር ወረርሽኝ አገሪቱን ሲያምስ እኔ ገና ጀማሪ ነበርኩ፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ነው የምሠራው። አንድ የአንተን ዕድሜ የሚሆን ጎረምሳ በቆሎ ተሸክሞ ገበያ ውሎ ማታ አንገቱ ደረቀ። ሸክም ነው ተባለ። ወጌሻው መጣና ማጅራቱን ቅቤ ቀብቶ ሌሊቱን ሙሉ አሸው፤ አልጠመዘዘውም፣ በመዳፉ ብቻ ነበር የሚያሸው። ጠዋት እኔ ጋ አመጡት። አስፕሪን ሰጥቼ መለስኩት። ግንባሩ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር፤ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርግ ብዬ አልጠየቅኩትም። በማግስቱ ሞተ። መንደሩ «ወጌሻው አንገቱን ሰብሮ ገደለው» አለ፤ ያ ሰው ዳግመኛ ሰው ሳይነካ፣ አንገቱን ደፍቶ አረጀ። የገደለው ማጅራት ገትር ነው! ያላወቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ። በደንብ ያዝልኝ፤ አንገት ሲደርቅ ትኩሳት ካለበት፣ ካስመለሰ፣ ብርሃን ካስጠላ፣ አገጭ ወደ ደረት አልወርድ ካለ፣ አይታሽም፣ አያድርም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ወጣቱ፦ እኔ ትኩሳት የለኝም፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ አዎ፣ አንተስ የለህም። የተጫነ ነርቭ በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ወይም በወራት ይሻለዋል። ስድስት ሳምንት ሸክም አትንካ፤ ተኝተህ ግን አትዋል፣ በእግርህ ተንቀሳቀስ። ሁለትና ሦስት ትራስ አትደራርብ፤ ጋቢህን አጥፈህ አንገትህ ሥር አድርግ። በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ያዝበት። አሁን ከእኔ ጋር አድርግ፦ ፊትህን ሳታቀረቅር አገጭህን ወደ ኋላ ሳበው፣ እስከ አምስት ቁጠር፣ ልቀቀው። አየህ? በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥር ጊዜ። ወደ እጅህ የሚወርደው መደንዘዝ ከባሰ ግን አቁም። ምግብ ከበላህ በኋላ አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ትወስዳለህ፤ የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብህ አትንካው። የራስ ምታት ክኒን በየቀኑ የሚውጥ ሰው ራሱ ክኒኑ ራስ ምታት ይሆንበታል። እጅህ ዕቃ ከጣለ፣ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተው፣ እግርህ ከተንገዳገደ ወይም ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ግን ስድስት ሳምንት አትጠብቅ፤ ከዚህ ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይጽፉልሃል።

ወጣቱ፦ ከስድስት ሳምንት በኋላስ?

ጋሼ፦ እሱን ነው ስጠብቅ የነበረው! ወደዚያው ኩንታል ከተመለስክ እኔም ሆንኩ ሐኪሙ በከንቱ ደከምን። አንድ ኩንታል በቆሎ መቶ ኪሎ ነው። አንገትህን ደፍተህ ማጅራትህ ላይ ያሳርፉልህና በሳንቃ ወደ አይሱዙ ትወጣለህ። በሰኔ 1959 ዓ.ም. የዓለም የሥራ ድርጅት አንድ ወንድ ከ55 ኪሎ በላይ እንዲሸከም የሚፈቀድ ከሆነ በፍጥነት ይቀነስ ብሎ መክሯል። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ቡሬ ላይ የዘይት ፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ቆመ፤ ኩንታሉ ግን ያው ማጅራት ላይ ነው። እህሉ በሃምሳ ኪሎ ይሰፋ። ለማኅበራችሁ ሰብሳቢ ንገር፤ ለነጋዴዎቹም በአንድ ድምፅ ንገሯቸው።

ወጣቱ፦ ጆንያው የለም፣ አይሆንም ይሉናል።

ጋሼ፦ ማዳበሪያው በሃምሳ ኪሎ ጆንያ ተሰፍቶ ሲመጣ ከመኪና የምታወርደው አንተው አይደለህም? እህሉም በዚያው ልክ በተሰፋ ጆንያ ይገባል።