ኀፍረቱን እንሸፍንለት፦ ሽንትና ሰገራ የሚያመልጠውን የትምህርት ቤት ልጅ ስለ መርዳት

የሚነበብ ክፍል፦ ኦሪት ዘፍጥረት 9፥20-23፤ የማርቆስ ወንጌል 5፥25-34 እና 9፥36-37



በዚህ ትምህርት የምንነጋገርበት ጉዳይ በጉባኤ ፊት ብዙ ጊዜ የማይነሣ፣ በቤት ውስጥ ግን ብዙ ልቅሶ የሚያስከትል ነው። ዕድሜው ለትምህርት ደርሶ ሳለ ሌሊት መኝታው ላይ የሚሸናን፣ ወይም ቀን በክፍል ውስጥ ሽንቱና ሰገራው የሚያመልጠውን ልጅ እንዴት እንርዳው? በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ ቤተሰቦችን ስንጎበኝ እናቶች ይህን የሚነግሩን ሌላው ሁሉ ከተወራ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ልጁ ግን በሰፈሩ «ሽንታም» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ከጓደኞቹ ይርቃል፣ አንዳንዴም ትምህርቱን ይተዋል።

1. አስቀድመን እውነቱን እንወቅ

ልጁ ይህን የሚያደርገው ሆን ብሎ ወይም ሰንፎ አይደለም። ሌሊት የሚሸና ልጅ ፊኛው ሲሞላ ከእንቅልፉ አይነቃም። በአንዳንዱም ልጅ ሌሊት ሽንትን የሚቀንሰው ንጥረ ነገር በሰውነቱ ውስጥ ገና በበቂ አይመነጭም። 5 ዓመት ከሞላቸው 100 ልጆች መካከል 15 ያህሉ ሌሊት ይሸናሉ። ከእነዚህም በየዓመቱ ከመቶ 15 የሚሆኑት ያለ መድኃኒት ይተዋሉ። ነገሩ በዘርም ይወርዳል፤ ከወላጆች አንዱ በልጅነቱ እንዲህ ከነበረ ከ100 ልጆች 44 ያህሉ፣ ሁለቱም ከነበሩ 77 ያህሉ ይኸው እንደሚያጋጥማቸው ሐኪሞች ይናገራሉ። እንግዲህ በትር ያነሣ አባት አስቀድሞ የገዛ እናቱን ይጠይቅ!

ቀን ሰገራ የሚያመልጠው ልጅ ነገር ከዚህ ይለያል። አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ የሆድ ድርቀት ነው። ልጁ አንድ ቀን ስላመመው፣ ወይም የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ስላስጠላው፣ ሰገራውን ይይዛል። የተያዘው ይደርቃል፣ ይከማቻልም። የአንጀቱ መጨረሻ እየተለጠጠ ሄዶ «መጣ» የሚለውን ስሜት ያጣል። ከዚያ በኋላ በደረቁ ዙሪያ ቀጭኑ እየሾለከ ልብሱን ያበላሻል። እናቱ ተቅማጥ መስሏት የተቅማጥ ማቆሚያ ትፈልጋለች፤ ያም ድርቀቱን ያባብሰዋል። የሞላው አንጀት ፊኛውን ስለሚጫን ሽንቱም አብሮ ሊያመልጥ ይችላል።

2. የአካባቢያችን ኑሮ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት፣ ጅብ በሚጮኽበት ጨለማ፣ ጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ብቻውን የሚወጣ ልጅ ማን ነው? በብዙ ቤትም ልጆች በአንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ባና ሥር አብረው ይተኛሉ። አንዱ ሲሸና ሁሉም ይረጥባሉ፤ ከባዱ የሱፍ ባና ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በቀላሉ አይደርቅም። የእናትየው ቁጣ ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ድካም የሚመጣ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ እርሷንም ልንረዳ እንጂ ልንወቅሳት አይገባም።

የጦርነትና የመፈናቀልም ጉዳት አለ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ በግጭት ተጎዱ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደረሰ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦችም በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ኖረዋል። እንዲህ ያለ ፍርሃት ያየ ልጅ፣ ቀድሞ ደረቅ ሆኖ ያድር የነበረ ቢሆንም፣ እንደገና መኝታው ላይ ሊሸና ይችላል። አፉ ያልተናገረውን ሰውነቱ ይናገራል።

3. የእግዚአብሔር ቃል ምን ያስተምረናል?

ኖኅ በድንኳኑ ራቁቱን በተኛ ጊዜ ካም አይቶ ወደ ውጭ ወጣና ለወንድሞቹ ነገራቸው። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ ሳያዩ ሸፈኑት። እነሆ ሁለት መንገድ! የረጠበውን ፍራሽ ሰፈርተኛ እንዲያየው ልጁን አሸክሞ ማስወጣት የካም መንገድ ነው፤ ሳይናገሩ ማጠብና ደረቅ ልብስ ማልበስ የሴምና የያፌት ነው።

ጌታችንም 12 ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት፣ በሕጉ እንደ ርኩስ ተቆጥራ ከሰው የተለየችውን፣ ልጄ ብሎ ጠራት እንጂ አላሳፈራትም። ሕፃኑን በመካከል አቁሞ ባቀፈው ጊዜም እንዲህ ያለውን ልጅ መቀበል እርሱን መቀበል እንደ ሆነ አስተማረን። ልጁ ስለ ረጠበ ከዚህ ቃል የሚወጣ አይደለም።

4. በቤት የሚደረግ

ሀ. ዱላ፣ ስድብና ማስፈራራት ይቁም። ልጁ በእንቅልፍ ያደረገውን በቅጣት ሊያቆመው አይችልም፤ ፍርሃቱ ግን ነገሩን ያብሰዋል።

ለ. ጠዋትና ቀን በደንብ ውኃ ይጠጣ። ውኃ መከልከል ድርቀትን ያመጣል። ከመተኛቱ 2 ሰዓት ያህል በፊት ግን መጠጡ ይቀነስ፤ ማታ ቡና፣ ሻይና ጠላ አይሰጠው።

ሐ. ሊተኛ ሲል ሽንቱን ይሽና። ለሌሊት ፖፖ ወይም ክዳን ያለው ዕቃ በቤት ውስጥ ይቀመጥለት፤ የሚያበራለት ኩራዝ ወይም ባትሪ በታላቅ ሰው እጅ ይሁን።

መ. ከመኝታው ላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ላይ የሚታጠብ አሮጌ ጨርቅ ይነጠፍ። እንዲህ ሲሆን ጨርቁን እንጂ መኝታውን ማጠብ አያስፈልግም። ጠዋት ገላው በሳሙና ይታጠብ፤ ቆዳው እንዳይላጥ ቫዝሊን ይቀባ።

ሠ. ድርቀት ያለበትን ልጅ ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ የተከማቸው በመድኃኒት መውጣት አለበት፣ ማለስለሻውም ብዙ ጊዜ ለወራት ይወሰዳል። በቤት ደግሞ ጎመን፣ ባቄላና ተልባ ይስጡት። ከቁርስና ከእራት በኋላ ሳይቸኩል ለ10 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፤ ቢወጣለትም ባይወጣለትም ስለ ተቀመጠ ይመስገን።

5. በትምህርት ቤት የሚደረግ

ውድ መምህራን፣ ይህ ልጅ እጁን አውጥቶ ሲያስፈቅድ አይከልከል። የተሻለው ግን ሳይጠይቅ እንዲወጣ አስቀድሞ ከእርሱ ጋር መስማማትና በበሩ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። አንድ ቅያሪ ሱሪ በአንድ አስተማሪ ዘንድ ይቀመጥለት። ባልንጀሮቹ ቢስቁበት የሚሳቁት ይገሠጹ እንጂ እርሱ ወደ ቤቱ አይሰደድ።

የአጥቢያ ጉባኤዎችም ድርሻ አላችሁ። ሽንት ቤቱ በር ከሌለው፣ ወይም ቁልፉ በዘበኛው እጅ ሆኖ ከተዘጋ፣ ልጆች እስከ ቤታቸው ይዘው ይውላሉ። ለልጃገረዶች ደግሞ ይብሳል። ለአንድ በር፣ ከውስጥ ለሚዘጋ መቀርቀሪያና ለአንድ ጀሪካን ውኃ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ አናጢ ከእናንተ መካከል አይጠፋም።

6. ሐኪም ዘንድ መወሰድ ያለበት ልጅ

ሲሸና የሚያቃጥለው ወይም ትኩሳት ያለው፤ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ የሚንጠባጠብበት፤ እግሩ የሚደክም ወይም ወገቡ ላይ ጉድጓድ፣ እብጠት ወይም የፀጉር ቁጥቋጦ ያለበት፤ ሰገራው ደም ያለበት፤ እንዲሁም 6 ወር ያህል ደረቅ ሆኖ ከቆየ በኋላ እንደገና የጀመረ ልጅ ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ይላካል። ብዙ ውኃ የሚጠማው፣ ብዙ የሚሸናና የሚከሳ ልጅ ግን የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይወሰድ።

አንድ ከባድ ነገር እንጨምር። በድንገት የጀመረ፣ አንድን ሰው ወይም አንድን ቦታ የሚፈራ ልጅ ጥቃት ደርሶበት ሊሆን ይችላል። ብቻውን፣ በእርጋታ ይጠየቅ፤ የሚናገረውም ይታመን። የልጅን ኀፍረት መሸፈን የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፤ የበደለኛን ወንጀል መሸፈን ግን ከበደሉ መተባበር ነው። በደለኛው ዘመድ ቢሆን፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይም ቢሆን፣ ጉዳዩ በሽምግልና አይለቅ፤ ልጁ ወደ ሐኪም ይወሰድ፣ ነገሩም ለፖሊስ ይነገር።

ለመወያያ፦

1. በአካባቢያችን «ሽንታም» ተብሎ የሚጠራ ልጅ አለን? ይህ ስም እንዲቀር ማን፣ ምን ያድርግ?
2. በሰንበት ትምህርት ቤታችንና በፕሮጀክታችን ያለው ሽንት ቤት ለ7 ዓመት ልጅ የሚያስፈራ ነው ወይስ የሚመች?
3. በዚህ ወር ላስቲክ፣ ጨርቅና ሳሙና ልናደርስለት የምንችል አንድ ቤተሰብ ማን ነው?

ለጸሎት፦ በስውር ስለሚያለቅሱ ልጆች፣ ስለ ደከሙ እናቶች፣ ከቤታቸው ስለ ተፈናቀሉትም ሁሉ እንጸልይ። ከጸሎት ስንነሣም ሴምና ያፌት እንዳደረጉት ልብሱን በትከሻችን ይዘን እንሂድ። የጌታችን ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።