ተማሪም መንደርተኛም የሚጠቀምበት ትምህርት ቤት አነዳደፍ

ንድፉ ከመሣሉ በፊት ግቢውን ከተማሪ ሌላ ማን፣ መቼና ለምን እንደሚፈልገው ተጠይቆ ይመዘገባል። የእድር ስብሰባ እሑድ፣ የጎልማሶች ትምህርት ወደ ማታ ቢሆን ከመደበኛው ትምህርት ጋር አይጋጭም። የሚያስቸግረው የክትባት ዘመቻ ነው፤ በሥራ ቀን ይመጣል፣ እናቶችን ከነሕፃናታቸው ያሰልፋል። ስለዚህ አዳራሹ፣ ቤተ መጻሕፍቱና የውኃ ቧንቧው ወደ ዋናው በር ይጠጋሉ፤ የመማሪያ ክፍሎቹ ከሚቆለፍ የውስጥ አጥር ጀርባ ይሆናሉ። መጸዳጃ ቤትም የእንግዳና የተማሪ ተብሎ ይለያል፤ የሴት ተማሪዎቹ ለብቻው ሆኖ የመታጠቢያ ክፍል ይጨመርበታል። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ በቁልቁለቱ በኩል ይቆፈራል።

ቀጥሎ አፈሩ ይመረመራል። ጥቁር ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል። ሌላ ቦታ ከተገኘ መተው ይሻላል።

በኢትዮጵያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ስለምትውል የሚያስቸግረው ዝቅ ብሎ የሚገባው የጠዋትና የማታው ጨረር ነው። ሕንፃው ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፤ መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ትይዩ ይከፈታሉ፤ የጣሪያው ክፈፍ ወደ አንድ ሜትር ያህል ይወጣል።

ለግድግዳ አሸዋማ ቀይ አፈር ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ተቀላቅሎ በመጭመቂያ ማሽን ብሎኬት ይሆናል። ብሎኬቱ በጥላ ሥር ቢያንስ አንድ ሳምንት ውኃ እየጠጣ ካልቆየ ጥንካሬ አይኖረውም፤ ለጥድፊያ ተብሎ የሚዘለለውም ይኸው ነው። የፍንጣሪ ውኃ እንዳይበላው ግድግዳው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ያርፋል። የዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ መንደር በ2001 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ትምህርት ቤት ነው። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ የመንደሩን ሰው አሰልጥኖ በአፈር ጡብ አሠራው፤ ቆርቆሮውንም ከፌሮ በተበየደ ማገር ከጡቡ ኮርኒስ በላይ አንሥቶ ትኩሱ አየር እንዲወጣ አደረገ። የኮርኒሱ ጥቅም በደጋም አይቀርም፤ ያለ እርሱ በረዶ ቆርቆሮውን ሲመታ መምህሩ ማስተማር ያቆማል።

በውኃው ላይ ሰፋ ያለ ስሌት ያስፈልጋል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አገር፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ 160,000 ሊትር ይሰጣል። ችግሩ በደጋው ዝናብ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ፣ ተማሪው ዕረፍት ላይ ሳለ መሆኑ ነው። ስለዚህ በክረምት የሚወርደውን መንደርተኛው እየቀዳ ይጠቀምበታል፤ ለመስከረም የሚቀመጠው በትልቅ ገንዳ ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ወደ ውጭ ይለቀቃል።

አዳራሹ ለአዋቂ የሚሆን ተነሺ አግዳሚ ወንበርና ሰፊ የዕቃ ክፍል ያሻዋል። በልጆች ዴስክ ላይ ሽማግሌ ማስቀመጥ ወንበሩንም ሰውዬውንም ይጎዳል።

በመጨረሻ ትምህርት ቤቱና የመንደሩ ኮሚቴ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚያጸዳና የአዳራሹ ኪራይ ለየትኛው ጥገና እንደሚውል በጽሑፍ ይስማማሉ። ከኪራዩ ገቢ ቅድሚያ የሚሰጠው የአሸንዳ ጠረጋና የቆርቆሮ ሚስማር ማጥበቅ ሲሆን፣ ሥራው ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ይጠናቀቃል።