ዋንዛና ጥድ፦ ከመትከላችን በፊት የምናጠናው ትምህርት

ለጥናቱ የሚነበብ፦ ትንቢተ ኢሳይያስ 41፥17-20



ክረምት ሲገባ በብስራተ ገብርኤል ያለ ምእመንም ሆነ በገጠር ያለ የፕሮጀክት ሠራተኛ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «ምን እንትከል?» በንባባችን ጌታ በምድረ በዳ የሚተክላቸው ዛፎች ብዙ ዓይነት ናቸው። እኛም ሁለቱን እናነጻጽር።

1. ዋንዛ
ዋንዛ የሚያብብ ዛፍ ነው። ነጩን አበባ ንብ ትቀስመዋለች፤ ዘሩም በፍሬ ውስጥ ተሸፍኖ ይበስላል። ጣፋጩን ፍሬ ልጆችና ወፎች ይበሉታል። የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን ስለሚያዳብር ገበሬው ከማሳው አይነቅለውም፤ ቡናም በጥላው ሥር ይበቅላል። እንጨቱ ለበር፣ ለጠረጴዛና ለከበሮ ይሆናል።

2. ጥድ
ጥድ አበባ የለውም። ወንዴውና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው፤ የወንዴውን ብናኝ የሚያደርሰው ነፋስ ነው። በሴቴው ላይ የሚታየው ድቡልቡል ነገር ፍሬ ቢመስልም ቅርፊቶች ሥጋ ለብሰው የተጋጠሙበት የዘር መያዣ ነው። ቅጠሉ በበጋም አረንጓዴ ነው። እድገቱ ዝግተኛ ቢሆንም እንጨቱን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም፤ ስለዚህ ለምሰሶና ለአጥር ይመረጣል።

ጥንቃቄ፦ በከተማችን ለአጥር የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ሌላ ዛፍ ነው። ችግኝ ስትገዙ የሐበሻ ጥድ መሆኑን ጠይቁ።

3. ትልቁ ልዩነት
ዋንዛ ቢቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል። የጥድ ጉቶ ግን አያቆጠቁጥም፤ አንዴ ከተቆረጠ ከዘር መጀመር ግድ ነው። የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዓመት በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል። ጥድ የሚተክል ሰው ለልጅ ልጁ ይተክላል።

እንግዲህ አንዱን መርጠን ሌላውን አንናቅ። ለማሳ ዳርና ለንብ ዋንዛ፣ ለደጋው ተዳፋት ጥድ ይስማማል። ለሥራው የምትሰጡት ስጦታም በችግኝ ዋጋ ብቻ አያበቃም፤ የበጋ ውሃና ከከብት የሚጠብቅ አጥር ያስፈልገዋል። ሪፖርታችንም የተተከለውን ብቻ ሳይሆን የጸደቀውን ይቁጠር።

ለውይይት
ሀ. አምና ከተከልነው ስንቱ ጸድቋል? ያልጸደቀው ለምን ደረቀ?
ለ. ፍሬውን የማናየውን ሥራ በትዕግሥት እንሠራለን?
ሐ. በበጋ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው? ስሙን ዛሬ ጻፉ።