ዐሥራ አንደኛ ትምህርት፦ ጋን ማጠብና ማጠን (ቦዝ አንቀጽና የሥራ ቅደም ተከተል)

ተማሪዎች፤ ባለፈው ትምህርት የማሰሪያ አንቀጽን ጠባይ ተመልክተናል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ቦዝ አንቀጽ የሥራን ቅደም ተከተል እንዴት እንደሚያሳይ እንማራለን። በመጀመሪያ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ

በሐረር ከተማ፣ በአቦከር ወረዳ፣ ጠላ እየሸጡ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ጊዜ ታመው ስለ ተኙ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ትልቋ ልጃቸው የቤቱን ሥራ ተረከበች። ልጅቷ ትጉህ ነበረች፤ ነገር ግን ጋን አጥባ አታውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ጋን አተላውን ደፍታ ወዲያው የፈላ ውሃ ገለበጠችበት። ቀዝቅዞ የነበረው ገል ድንገተኛውን ሙቀት ሊችል ስላልቻለ ከአፉ እስከ ሆዱ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን በሳሙና አሸችው፤ ውሃው ጠፈፍ ሳይልም በወይራ ጢስ ላይ ደፋችው። ከጋኑ የተንጠባጠበው ውሃ ፍሙን አጠፋው። እርስዋ ግን ሥራው የተፈጸመ መስሏት ጠነሰሰችበት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠላው ሳሙና ሳሙና አለ፤ ኮምጥጦም ተገኘ። ብቅሉ፣ ጌሾውና ማገዶው ሁሉ ከንቱ ቀረ። ለታናሽ ወንድሟ ደብተርና የደንብ ልብስ መግዣ ታስቦ የነበረው ገንዘብም አብሮ ጠፋ።

ልጅቷ እያለቀሰች ወደ አያቷ ሄዳ፣ «እማማ፣ አጥቤው ነበር እኮ! አጥኜውም ነበር! ለምን ተበላሸብኝ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አያቷም፣ «ልጄ፣ ማጠብሽንስ አጥበሻል፤ ማጠንሽንም አጥነሻል። ነገር ግን ጋን ሥርዓት አለው። ነገ ግራዋ ቀጥፈሽ ነዪ፤ አሳይሻለሁ» አሏት።

በማግስቱ አያቲቱ ሌላ ጋን አወጡ። አተላውን ደፍተው፣ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው፣ የደረቀው ቅሬታ እስኪለሰልስ ድረስ ቆዩ። ከዚያም የግራዋ ቅጠል ጨምቀው ውስጡን በሚገባ አሹት። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣና የአሮጌው ጠላ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግመው አለቀለቁት። በመጨረሻም ነፋስ እንዲገባው አፉን በድንጋይ ላይ ዘንበል አድርገው ፀሐይ ላይ ደፉት። ጋኑ ከጠፈፈ በኋላ ፍም ላይ የወይራ ስንጣሪ ጨምረው፣ ጢሱ ሲትጎለጎል ጋኑን ደፉበት። ታጥኖ ሲያበቃ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈኑት። በዚህ ጋን የተጠነሰሰው ጠላ መልካም ሆነ፤ የታናሽ ወንድሟም ደብተር ከሽያጩ ተገዛ።

ለ. የምንባቡ ማብራሪያ

የሸክላ ዕቃ በዓይን የማይታዩ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ሳሙናም ሆነ በረኪና በእነዚህ ቀዳዳዎች ሰርጎ ይቀራል፤ በኋላም ወደ መጠጡ ይወጣል። የጠላ ቅሬታም እዚያው ተደብቆ መጠጥን የሚያኮመጥጡ ተሕዋስያንን ይመግባል። ስለዚህ ማጽዳትና ተሕዋስያንን መግታት ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። እድፉ ሳይለቅ የሚደረግ ማጠን እድፉን ከላይ ከመሸፈን አያልፍም። የወይራ ጢስ መልካም መዓዛ ከመስጠቱም በላይ የተሕዋስያንን እድገት የሚገቱ ቅመሞች አሉት። በብዙ የአገራችን ክፍሎች የወተት ዕቃ የሚታጠነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1876 እ.ኤ.አ. ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ መጠጥን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን መሆናቸውን አስረድቷል። እናቶቻችን ተሕዋስያኑን በአጉሊ መነጽር ባያዩም መከላከያውን በልምድ ያውቁት ነበር።

ዕቃው ሲለወጥ አያያዙም ይለወጣል። የፕላስቲክ በርሜል በአሸዋ ወይም በሽቦ ቢፈተግ ይጫራል፤ ተሕዋስያንም በጭረቱ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ስለዚህ በለስላሳ ጨርቅ ይታጠባል። በረኪና ብረትን ስለሚበላ በብረት ዕቃ ውስጥ ሊቆይ አይገባውም። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀልም መርዛም ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ብርሌ አንገቱ ጠባብ በመሆኑ እጅ አያስገባም፤ ለብ ያለ ውሃ ተጨምሮበት እየተናጠ ይታጠባል። የፈላ ውሃ ግን እንደ ጋኑ ሁሉ ይሰነጥቀዋል።

ሐ. ሰዋስው

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ጋኑን አጥባ፣ አጥፍፋ፣ አጥና ጠነሰሰች።
2. ጋኑን አጥባ፣ ሳታጠፍ አጥና ጠነሰሰች።

«አጥባ»፣ «አጥፍፋ»ና «አጥና» ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ብቻቸውን ዐረፍተ ነገር አይዘጉም፤ «ጠነሰሰች» የሚለውን ማሰሪያ አንቀጽ ይጠብቃሉ። በባለቤታቸውም ይረባሉ፦ አጥቤ፣ አጥበህ፣ አጥበሽ፣ አጥቦ፣ አጥባ፣ አጥበን፣ አጥባችሁ፣ አጥበው። ቦዝ አንቀጾች ሲደረደሩ ብዙውን ጊዜ ፊተኛው ድርጊት ቀድሞ መፈጸሙን ያመለክታሉ። ስለዚህ ቦታቸው ቢለዋወጥ የሥራው ሥርዓት ይፋለሳል። «አጥና አጠበች» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን ጢሱን በውሃ እንዲያጥብ አዞታል።

የቦዝ አንቀጽ አሉታ በ«ሳ» ይነገራል፦ አጥባ፣ ሳታጥብ፤ አጥኖ፣ ሳያጥን። ሁለት ድርጊቶች በአንድ ጊዜ ሲፈጸሙ ግን «እየ» ይገባል፦ «ውሃ እየጨመረች አሸችው።»

መ. መልመጃ

1. ልጅቷ የፈጸመቻቸውን ስሕተቶች ከነምክንያታቸው ዘርዝሩ።
2. ከምንባቡ ውስጥ ስድስት ቦዝ አንቀጾች አውጥታችሁ የእያንዳንዳቸውን ባለቤት ተናገሩ።
3. «አለቀለቀ»፣ «ዘፈዘፈ»ና «ሸፈነ» የሚሉትን ግሶች በቦዝ አንቀጽና በአሉታው አርቡ።
4. «ጋኑን አጥና፣ አጥባ፣ አተላውን ደፍታ ሸፈነችው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሥርዓቱን አስተካክላችሁ ጻፉ።

ሠ. ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የሚሠራ አንድ ሥራ ምረጡ፤ ለምሳሌ የወተት ዕቃ ማጠን፣ ምጣድ ማሟሸት ወይም ቡና መቁላት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ቅደም ተከተሉን በአጭሩ መዝግቡ። ቀጥሎም እያንዳንዱ ተግባር ለምን እንደሚቀድም ወይም እንደሚከተል ምክንያቱን እየገለጻችሁ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አንብቡለት። ጓደኛችሁ በጽሑፋችሁ ብቻ ተመርቶ፣ ዕቃውን ሳይሰብርና ሳያበላሽ ሊሠራው ከቻለ ድርሰታችሁ ግቡን መትቷል።