ለማን ገቢ? ስንት መኝታ?

ኧረ ቆይ ቆይ፣ ለሲልቨር ስፕሪንግ አማካሪ ቦርድ ከምታስገቢው ማመልከቻ ላይ እሷን ዓረፍተ ነገር አጥፊያት። «የኢትዮጵያውያንን ማኅበረሰብ ድምፅ ለመወከል» የምትለዋን። ማን መረጠሽ? እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ አለ፣ ትግርኛ ተናጋሪ አለ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ አለ። ቤት ገዝቶ የሰፈሩ ዋጋ እንዲወጣለት የሚጸልይ አለ፤ የኪራይ ውሉ የሚታደስበት ወር ሲደርስ እንቅልፍ የሚያጣም አለ። ለሁሉም በአንድ አፍ አትናገሪላቸውም። ይልቅ የራስሽን ጻፊ፦ ተከራይ መሆንሽን፣ ልጆችሽ እዚህ እንደሚማሩ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ ሲከርም ከሳልቫዶራዊቷ ጎረቤትሽ ጋር በየበሩ እያንኳኳሽ ፊርማ ማሰባሰብሽን። ይኼ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

አሁን ደግሞ የምትገቢበትን ቦርድ እወቂው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ትመስላለች እንጂ በሕግ ከተማ አይደለችም። ከንቲባ የላትም፣ የከተማ ምክር ቤት የላትም፤ ሁሉ ነገር የሚወሰነው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ላይ ነው። ጎረቤታችን ታኮማ ፓርክ ከንቲባም አላት፣ ከ1992 ጀምሮም (በፈረንጆቹ ነው የማወራሽ) ዜግነት የሌለው ነዋሪ በከተማዋ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል። እኛ ያለን ይኼ አማካሪ ቦርድ ነው። አባላቱን የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ይሾማል፣ የካውንቲው ምክር ቤት ያጸድቃል። ቦርዱ ሕግ አያወጣም፣ በጀት አይመድብም፣ የግንባታ ፈቃድ አይሰጥም። ተወያይቶ፣ ድምፅ ሰጥቶ ደብዳቤ ይጽፋል፤ አለቀ።

ታዲያ ምን ይረባል እንዳትይኝ። ያ ደብዳቤ በጊዜው ከደረሰ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ወሳኞቹም «ሰፈሩ ምን አለ?» ሲባል የሚያነሡት እሱን ነው። ካለፈ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ጉዳይ አጀንዳ ላይ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድመሽ ቀኑን ጠይቂ፦ ይኼ ነገር የካውንቲው ፕላኒንግ ቦርድ ፊት የሚቀርበው መቼ ነው? የእኛ ደብዳቤ ከዚያ በፊት ይደርሳል ወይ? ብዙ ሰው ይኼን ሳይጠይቅ ስለ ፍትሕ ሲናገር ያመሻል።

አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ያሰበ ዴቨሎፐር ቦርዱ ፊት ሲመጣ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ስክሪኑ ላይ ሥዕል ይዘረጋል። ዛፍ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ቀጭን ሰዎች ቡና ይዘው ውሻ ያናፍሳሉ። የሁለት ሳምንት አስቤዛ ተሸክማ ሕፃን የምታስከትል እናት እዚያ ሥዕል ውስጥ አላየሁም። ከዚያ «ከቤቶቹ የተወሰነው አፎርደብል ነው» ይልና ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። እዚያ ላይ እጅሽን አውጪ። የምን ይሉኝታ ነው!

መጀመሪያ «ለማን ገቢ?» በይ። ካውንቲው ከ1974 ጀምሮ ኤም ፒ ዲ ዩ የሚባል ሕግ አለው፤ በአሜሪካ በዓይነቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፣ ሊመሰገንም ይገባዋል። ሃያና ከዚያ በላይ ቤት የሚሠራ ሁሉ ቢያንስ 12.5 በመቶውን በቅናሽ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ሁለት መቶ ቤት ካለ ሃያ አምስቱ ማለት ነው። ግን ለኪራይ የሚሆኑት የገቢ ጣሪያቸው የአካባቢው መካከለኛ ገቢ 65 ወይም 70 በመቶ ነው፤ ኪራዩም የሚሰላው ከዚያው ጣሪያ ተነሥቶ ነው። «አካባቢው» ደግሞ የእኛ ሰፈር ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ዋሺንግተን ዲሲን፣ ፌርፋክስን፣ ላውደንን፣ እነዚያን ሀብታሞች ሁሉ ይጨምራል። በ2024 ለአራት ሰው ቤተሰብ 154,700 ዶላር ነበር። የፓርኪንግ ሠራተኛና ሆም ኬር የምትሠራ ሚስቱን አስቢ። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የካውንቲው ዝቅተኛ ደመወዝ ትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ በሰዓት 17.15 ዶላር ሆነ። ሁለቱም ሙሉ ሰዓት ቢሠሩ በዓመት ወደ 71 ሺህ ያገባሉ፤ ከዚያ ቁጥር ግማሹን እንኳ አይሞላም። ለቅናሹ ቤት ብቁ ናችሁ ይባላሉ፣ ኪራዩን ሲሰሙ ግን ወደ ኋላ ይላሉ። ስለዚህ «ከሃያ አምስቱ ውስጥ ለ50 በመቶ፣ ለ30 በመቶ ገቢ የሚሆን ስንት አለ?» ብለሽ ቁጥር ተቀበይ።

ቀጥለሽ መኝታውን። ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ብቻ ከሆነ አያቱን ከአዲስ አበባ ያስመጣ ቤተሰብ የት ይገባል? ባለ ሦስት መኝታ ስንት እንደሆነ በግልጽ ይንገሩሽ።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ግን የሚፈርሰው ነው። አዲሱ ሕንፃ የሚቆመው ባዶ ሜዳ ላይ ላይሆን ይችላል። ብዙ የእኛ ሰው ያለው አሮጌዎቹ አፓርታማዎች ውስጥ ነው፤ እነዚያን ደግሞ በ2023 የጸደቀውና ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የሚሠራው የኪራይ ገደብ ይጠብቃቸዋል። ጭማሪው የዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተደምሮ ነው፣ ቢበዛ ግን ከ6 በመቶ አያልፍም። አዲስ ሕንፃ ከዚህ ገደብ ለ23 ዓመት ነፃ ነው። አየሽው ሒሳቡን? መቶ አሮጌ ቤት ፈርሶ ሃያ አምስት የቅናሽ ቤት ቢመጣ፣ በሪፖርት ላይ «ሃያ አምስት ተጨመረ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አንቺ «ስንት ይፈርሳል? አሁን ያሉት ተከራዮች ስንት ይከፍላሉ? የመመለስ መብት አላቸው ወይ?» በይ። የፐርፕል ላይን ባቡር መስመር በሚያልፍበት በሎንግ ብራንች በኩል በተለይ ይኼን ሳትጠይቂ ምንም ነገር አትደግፊ።

ስለ ዘመኑም ትንሽ። የኤም ፒ ዲ ዩ ሕግ ሲጀመር ቤቱ በቅናሽ ዋጋ ተይዞ የሚቆየው 5 ዓመት ብቻ ነበር፤ ብዙ ቤት እንዲሁ ወደ ገበያ ዋጋ አመለጠ። ዛሬ ለኪራይ 99 ዓመት፣ ለሽያጭ 30 ዓመት ነው። 

ጥያቄሽ መልስ ሲያገኝ ዝም ብለሽ ራስሽን አትነቅንቂ። ቦርዱ ውስጥ አንድን ሐሳብ አንድ ሰው «ሞሽን» ብሎ አቅርቦት ሌላው «ሰከንድ» ካላለው ድምፅ አይሰጥበትም። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ለአንድ አባል ደውለሽ፣ «ይኼን ባቀርብ ትደግፊኛለሽ?» በያት። ይኼ ተንኮል አይደለም፣ ሥራው ነው። ቃለ ጉባኤው ሲመጣም አንብቢው፤ «አባላት ስለ ቤት ጉዳይ ተወያዩ» ብቻ ካለ ቁጥሮቹ ይግቡበት ብለሽ አስተካክይ።

አሳታፊነት የሚሉት ነገር ደግሞ ፖስተር ላይ አማርኛ መለጠፍ እንዳይመስላቸው። አስተርጓሚ አስቀድሞ ይጠየቅ። ማስታወቂያው በኢሜይል ብቻ ሳይሆን ላውንድሪ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይውጣ። የሰሙነ ሕማማት ምሽት ወይም የረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ስብሰባ ቀጥሮ «ማንም አልመጣም» ማለት አይሠራም። ማታ ኡበር የሚነዳው ሰው በስልክ የሚገባበት መንገድ ይኑር።

ደግሞ የሪል ስቴት ላይሰንስሽን እንዳትደብቂው፤ ማመልከቻው ላይ ጻፊው። ከምትሸጪበት ሕንፃ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ሲነሣ ተናግረሽ ከድምፁ ውጪ። አንድ ቀን ሌላ ሰው ከሚያወጣው አንቺው ብታወጪው ይሻላል።

የቦርድ አባልነት ደመወዝ የለውም፣ ያው ታውቂያለሽ። ግን ካውንቲው ለቦርድ አባላት የተወሰነ የትራንስፖርትና የልጅ ጥበቃ ወጪ ይተካል። ብዙዎች ኧረ ይቅር ብለው ይተዉታል። አንቺ ቅጹን ሙዪ፤ ሞግዚት ከፍሎ መምጣት የማይችል ሰው ከቀረ፣ ያ ወንበር ጊዜ የተረፈው ሰው ብቻ ይሆናል።